የአባቴ ጢምና የቀኝ ትከሻዬ

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ሳሽከረክርበት የኖርኩት ወንበር አንድ ቀን እኔን አሽከረከረኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጀግንነት የለበትም። ቦሌ ሚካኤል ባለችው የፀጉር ማስተካከያ ቤቴ ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ተቃጠለና፣ መሰላል ለመዋስ ጎረቤት ከምሄድ ብዬ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ወንበሩ እንደሚዞር ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ዞረ። ስወድቅ በቀኝ እጄ መደርደሪያውን ያዝኩ፤ ሰውነቴ ወደ ታች ሄደ፣ እጄ እዚያው ላይ ቀረ። ትከሻዬ ከቦታው ሲወጣ ያሰማውን ድምፅ ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም።

አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ ነበር። እንደዚያው ጥሎት እኔን ይዞ ሆስፒታል ሮጠ። ሐኪሞቹ ጎትተው መለሱልኝ፤ ከዚያ እጄን በጨርቅ ማንጠልጠያ ደረቴ ላይ አሰሩትና ለአራት ሳምንት እንዳላንቀሳቅሰው፣ ከዚያም ፊዚዮቴራፒ እንድጀምር ነገሩኝ። አራት ሳምንት ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሥራዬ አልነበረም። የአባቴ ጢም ነው የመጣብኝ።

አባቴ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ከእኔና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የሚኖሩት። እኔም ሚስት የለኝም፣ እሷም ባል የላትም፤ ሰፈሩ የሚለውን ይበል። እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ከእሷ በኋላ አባቴ መርሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የኔን ስም። አንዳንድ ቀን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ “አንተ ሰውዬ” ነኝ። እጄን ግን አልረሱም። በየሦስት ቀኑ ጠዋት ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቼ፣ በሙቅ ውሃ የነከርኩትን ፎጣ ፊታቸው ላይ አሳርፌ፣ በቀኝ መዳፌ ከአገጫቸው ስር ወደ ጉሮሯቸው ዳሰስ ሳደርጋቸው ዓይናቸውን ጨፍነው “መጣህ ልጄ?” ይላሉ። የትም ሳልሄድ እዚያው ቤት ያደርኩ ሰው ነኝ። “መጣሁ አባባ” እላለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ ልጃቸው ነበርኩ። ለሌላ ሰው ምላጭ አንገታቸውን አይሰጡም።

የዛሬ ጎረምሳ ጢሙን ለፋሽን ያሳድጋል፣ እኔም እሱን እየከረከምኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ለአባቴ ትውልድ ግን ጢም ያሳደገ ሰው ሐዘንተኛ ነው። እናቴ ስታርፍ አባቴ ዓመት ሙሉ ምላጭ አላስነኩም። የሙት ዓመቷ ዕለት “አሁን ይብቃዎት” ብዬ በዚህ እጄ ላጨኋቸው። እኔ በአራተኛው ቀን ነበር የተላጨሁት። ጢሙ የተንዠረገገ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ማን ይመጣል ብዬ ሱቄን ከፈትኩ፤ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር።

ከወደቅኩ በሁለተኛው ሳምንት የአባቴ ጢም ነጭ ሆኖ ወጣ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉና “ማን ሞቶብኝ ነው?” አሉ። እህቴ አጠገባቸው ነበረች። ሐቀኛ ናት፣ ቢሮም ሰው የሚጠላት በዚሁ ነው። “እማዬ ናት አባባ። ሦስት ዓመት ሆናት” አለቻቸው።

አባቴ ያን ጊዜ እንደተረዱ ሆነው አለቀሱ። እኔ አንድ እጄ ታስሮ፣ በአንዱ እጄ ጀርባቸውን እያሻሸሁ ቆምኩ። ማታ ረሱት። በማግስቱ ጠዋት አገጫቸውን ዳሰሱና “ማን ሞቶብኝ ነው?” አሉ። እህቴ እንደገና ነገረቻቸው፣ እንደገና አለቀሱ። ሦስተኛው ቀን ላይ እህቴን ወደ ጓዳ ጠርቼ “በቃሽ፣ እናታችንን በየቀኑ አትቅበሪያት” አልኳት። እሷም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሲጠይቁ “ማንም አልሞተም አባባ” ማለት ጀመርን።

አባቴ ግን ረሱ እንጂ ሞኝ አልሆኑም። “ማንም ካልሞተ ይሄ ምንድነው?” ብለው ጢማቸውን ይይዛሉ። ትንሽ ቆይተው ፍራሹን ከአልጋ አስወርደው ሳሎን ወለሉ ላይ አስነጠፉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ለቀስተኛ እየጠበቁ ነው። ማንም አይመጣም፣ ማን ይመጣል? ከሰዓት ሲሆን “ምነው ሰው ቀረብኝ? እድርተኛው የት ሄደ? ማንን በድዬ ነው?” ይላሉ። ሐዘናቸውን እችለው ነበር፤ ሰው የጠላቸው መስሏቸው ማፈራቸውን ግን አልቻልኩትም።

አልሞከርንም አይባልም። እህቴ የፀጉር ማሽን ይዛ ቀረበች፤ ድምፁን ሲሰሙ እጇን መቱባት። ጓደኛዬ ከሱቅ መጥቶ “አባቴ፣ እኔ ልላጭዎት” ቢላቸው በትሕትና አመስግነው ወደ በሩ ሸኙት። እኔም በግራ እጄ ሞከርኩ። ፎጣውን አደረግኩ፣ ሳሙናውን ቀባሁ፣ በግራ መዳፌ ከአገጫቸው ስር ዳሰስኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። የእጄን አንጓ ጨምድደው ይዘው “አንተ ማነህ?” አሉኝ። ጣታቸው ጠንካራ ነው። ምላጩን አስቀምጬ ሳሙናውን ጠረግኩላቸው።

የኔንም ጢም ጓደኛዬ ሊላጭልኝ ወንበሩን አዙሮ ነበር። “አባቴ ሳይላጩ እኔ አልላጭም” አልኩት። “ስለት መሆኑ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። ስለት አልነበረም፣ እልህ ነው። ያቺ ወንበር ላይ መቀመጥም አስጠልቶኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ጉርድ ሾላ ወደሚገኘው ፊዚዮቴራፒ ቤት ተላክሁ። የምታክመኝ ሴት በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ ረጋ ያለች፣ ክንዷ ግን የቀን ሠራተኛ ክንድ ነው። መጀመሪያ ቀን “ጋሼ፣ በዚህ እጅ ምን መሥራት ነው የሚፈልጉት?” ብላ ጠየቀችኝ።

“መላጨት።”

“ሥራዎን ማለትዎ ነው?”

“አይደለም። አባቴን።”

ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ጎንበስ አስብላ እጄን ወደ ታች አንጠልጥዬ እንዳወዛውዝ አደረገችኝ። ቀጥሎ ግድግዳ ፊት አቁማ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንዳስኬዳቸው አዘዘችኝ። ሄዱ፣ ሄዱ፣ እምብርቴ ትይዩ ላይ ቆሙ። የቆሙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ እንደ ሕፃን ቁመት ግድግዳ ላይ ተለካሁ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ጋሼ” አለችኝ። ይህንኑ የታክሲው ረዳት ብሎኛል፣ የጎረቤቴ ሚስት ብላኛለች፣ እህቴ በየቀኑ ትለኛለች። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የአባቴ ጢም ደረታቸው ላይ ይደርሳል አልኩ በሆዴ።

ቤት ያለውን ጣጣ አታንሱት። በግራ እጅ እንጀራ መቁረስ በኛ ቤት ነውር ስለሆነ እህቴ ታጎርሰኝ ነበር። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስንት ጉርሻ እንደሚያሰለች ግን የነገረን የለም። አባቴ ደግሞ ሳሎን ፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። “ሐዘኑ ጎድቶት ነው፣ አጉርሺው” ይሏታል።

ከዚያ ደግሞ የሰው ምክር። ማንጠልጠያውን ያየ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ወጌሻ ይጠቁመኛል፣ አንዱ ቅቤ ተቀባ ይለኛል፣ አንዷ ጠበል ትለኛለች፣ ሁሉም ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድነግረው ይፈልጋል። ወንበር ላይ ወጥቼ ወደቅኩ ማለት ሰለቸኝ። ስለዚህ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ማንጠልጠያውን ፈታሁና እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ። የፊዚዮቴራፒዋ ሴት ከቤት ስወጣ እንዳልፈታው አስጠንቅቃኝ ነበር። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ አንድ የልጅነት ጓደኛዬን አየሁ። ለብዙ ዓመት አልተያየንም። ከሩቅ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ መጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሱ አይደለም። “ቆይ፣ ትከሻዬ ታሟል” ማለት እችል ነበር። ግን ከስንት ዓመት በኋላ ለተገኘ ወንድም ትከሻ እንዴት ይነፈጋል? እኛ እንደሆንን ስንገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዘን ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጨን የተገናኘን አይመስለንም። አፌ ሳይናገር እጄ ወጣ። ያዘኝ፣ ሳበኝ፣ አንዴ ገጨኝ፣ ሁለቴ ገጨኝ። በሦስተኛው ያ ድምፅ መጣ። ምእመናን እየወጡ ነበር፣ እኔ የአጥሩ ግንብ ስር ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ አሁን ድረስ ሲደውል ይቅርታ በመጠየቅ ነው የሚጀምረው። በናፍቆት ትከሻው የወለቀ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሐኪሙ መለሰልኝና “ለሦስተኛ ጊዜ ከወጣ ቀዶ ጥገና ነው፣ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው ለመሆኑ ዋስትና አልሰጥህም” አለኝ። ከማንጠልጠያው ጋር እንደገና አራት ሳምንት። ከዚያ ወደ ጉርድ ሾላ ስመለስ ሴትየዋ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳው ፊት አቆመችኝ። ጣቶቼ ከድሮው ምልክት አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ቆሙ። አዲስ ምልክት አደረገች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እሷ አላለችውም፤ እኔ ነኝ በታክሲ ስመለስ ለራሴ ያልኩት።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በሳምንት ሦስት ቀን ዝናብ እየመታኝ ታክሲ እጠብቃለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ መንገዱ ተቆፍሯል። ስገባ ቀኙን ወደ መስኮት አድርጌ መቀመጥ አለብኝ፣ ካልሆነ አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ ይገፋኛል። ደርሼ ደረጃውን ስወጣ ገና ሳልጀምር ደክሞኛል። ላስቲክ እስባለሁ፣ ዱላ አነሳለሁ፣ ግድግዳ ላይ እወጣለሁ። ስመለስ አባቴ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል። “ከቀብር መጣህ?” ይሉኛል። “አይ አባባ፣ ከሕክምና ነው።” “ማን ሞተ?” “ማንም አልሞተም።” ጢማቸውን ያሳዩኛል። በዚያ ክረምት ይህን ውሸት ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ እየቆየ ሲሄድ እውነት ይሁን ውሸት ሳላስብ እንደ ሰላምታ ከአፌ ይወጣ ጀመር። አንዳንድ ቀን ልምምዱን ሁሉ ትቼ አብሬያቸው ፍራሹ ላይ መተኛት ያምረኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ሕመሙ እንኳ ሰልችቶኝ ነበር፣ ሰው ሕመም ይሰለቸዋል ወይ ካላችሁ ይሰለቸዋል።

እጄ ከደረቴ በላይ መነሳት ሲጀምር ለሴትየዋ “አሁን ልላጫቸው” አልኳት። “ማንሳት ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ሳይንቀጠቀጥ አየር ላይ መቆየት አለበት። ምላጭ ነው የሚይዙት” አለችኝ። እውነቷን ነው። ለአንድ ደቂቃ ማንኪያ አስይዛ አቆየችኝ፤ ማንኪያው እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። በኛ ሙያ ጀማሪን የምናስተምረው በፊኛ ነው፤ ፊኛ ነፍተህ ሳሙና ትቀባና ሳታፈነዳው በምላጭ ትላጨዋለህ። ለሠላሳ ዓመት ለስንቱ ያስተማርኩትን እኔ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በየጠዋቱ ጓዳ ውስጥ ፊኛ አፈነዳለሁ። ሳሎን ያሉት አባቴ ይደነግጣሉ፣ እህቴ “ጎማ ነው አባባ” ትላቸዋለች። ጥቅምት ሲገባ ሦስት ቀን በተከታታይ አንድም ሳይፈነዳብኝ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ ወጥቷል። ወንበሩን ግቢ ውስጥ አወጣሁ። እህቴ አባቴን ከፍራሹ ደግፋ አስነስታ አመጣቻቸውና ማየት አልቻለችም መሰለኝ ወደ ውስጥ ገባች። ጢማቸው እስከ ደረታቸው አልደረሰም፣ ግን ሸማቸው ላይ ያርፋል። በመቀስ ቀነስኩት። ፎጣውን አሳረፍኩ። ሳሙናውን ቀባሁ። ከዚያ ቀኝ መዳፌን ከአገጫቸው ስር አስገብቼ ወደ ጉሮሯቸው ዳሰስኩ። እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ስድስት ወር አልፎታል፣ ይህንንም ረስተውት ቢሆንስ ብዬ ፈርቻለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። “መጣህ ልጄ?” አሉ።

“መጣሁ አባባ” አልኩ።

የግራ ጉንጫቸውን ጨረስኩ። አገጫቸው ጋ ስደርስ ትከሻዬ ይነድ ጀመር፣ ቀጥሎ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ምላጩን ከቆዳቸው አራቅኩ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ እንዳለ ነው። ትንሽ አርፌ ልቀጥል ብዬ አሰብኩ፣ ግን እጄን ባወርደው መልሼ የማነሳው አልመሰለኝም። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው መዳፋቸውን ከክርኔ ስር አደረጉ። ለትልቅ ሰው ዕቃ ስናቀብል የገዛ ክርናችንን እንደምንደግፈው፣ እንደዚያ ደገፉኝ። ክብደቱን እሳቸው ተሸክመውልኝ ቀሪውን ላጨሁ። አንድም ቦታ አልቆረጥኳቸውም።

ፊታቸውን በሙቅ ፎጣ ጠረግኩላቸው። በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ዳሰሱ፣ አገጫቸውን ዳሰሱ። “ሐዘኑ ወጣ?” አሉ።

“ወጣ አባባ።”

“ተመስገን።” ረዥም ትንፋሽ አወጡ። እኔም አወጣሁ። ምላጩን ሳሕኑ ውስጥ አኑሬ፣ በቃ አለቀ ብዬ፣ አጠገባቸው ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ወደኔ ዞረው አዩኝ። ያ ‘ልጄ’ ያሉት ዓይን ሄዷል፣ እንግዳ ሰው ነኝ። ቀስ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ስድስት ወር ያልተላጨውን ጢሜን ነኩ።

“አንተስ?” አሉ። “ማን ሞቶብህ ነው?”

ማንም አልሞተም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ለምዶብኛል። ግን አልወጣም።

“እናቴ” አልኩ።

ስለው ነው የሰማሁት። በአራተኛው ቀን ምላጭ ይዤ መስታወት ፊት ከቆምኩ ወዲህ ይህን ቃል ለማንም በዚያ መልክ አልተናገርኩም። ፊቴን በግራ እጄ ሸፈንኩት፣ ቀኙ አልነሳ አለኝ።

“እግዜር ያጥናህ” አሉኝ አባቴ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው፣ በደንቡ። ቀጥለው ግቢውን ግራ ቀኝ አዩ፣ ባዶ ነው። “ሰው አልመጣልህም እንዴ?”

“አልመጣም።”

“አይዞህ፣ እኔ መጥቻለሁ” አሉ። ከወንበሩ እንደምንም ተነስተው፣ ትከሻዬን ተደግፈው፣ የታመመውን፣ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ግማሹን እኔ ላይ ጣል አደረጉ። እህቴ ምሳ ደርሷል ብላ እስክትጠራን ድረስ አብረውኝ ተቀመጡ።